ገንዘቡን አንባቢው እያየ ተቀበሉ፦ የግል ጦማርና የአንባቢ እምነት

[የማሲንቆ ድምፅ። ምስል፦ ደብረ ማርቆስ፣ ማታ።]

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ ስለ ገንዘብ እንነጋገራለን። ስለ ገንዘብና ስለ እምነት። አንድ ሰው በገዛ ስሙ፣ በግል ጦማሩ (ብሎጉ)፣ ያየውንና የሞከረውን ይጽፋል። ሰው ያነብለታል፤ እያደር ያምነዋል። ከዕለታት አንድ ቀን ነጋዴ ይመጣና «ስለ ዕቃዬ ጻፍልኝ፤ እከፍልሃለሁ» ይለዋል። ይቀበል ወይስ አይቀበል?

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ይቀበል። መጻፍ ሥራ ነው። ሌሊት ያስመሻል፣ የኢንተርኔት ጥቅል ይፈጃል፣ ከልጅና ከትዳር ጊዜ ይነጥቃል። «ለዕውቀት ገንዘብ መቀበል ነውር ነው» የምትሉኝ አላችሁ፤ እኔ ግን አልስማማም። ይቀበል፤ ግን አንባቢው እያየ ይቀበል። አንባቢው እያየ! ዛሬ የምለው ሁሉ እዚህች ላይ ነው የሚያርፈው።

አዝማሪ ሲጫወት አይታችኋል? ጎጃም ተወልዶ አዝማሪ ያልሰማ ሰው ማግኘት ይቸግራል። እስቲ ቀስ ብለን እንየው፤ እኔ ይህን ነገር እወደዋለሁ። አዝማሪው ማሲንቆውን ደረቱ ላይ አስደግፎ ይቆማል። ከተቀመጡት አንዱ ብድግ ይልና «ተቀበል!» ይላል። ከዚያ ግጥሙን ይሰጣል፦

የማር አገር ሰው ነው ቢቀምሱት የሚጥም፣
ወዳጁን አይከዳ እንግዳ አያስቀይም።

አዝማሪው ግጥሙን ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ እያሳመረ። የተወደሰው ሰው አንገቱን ይደፋል፤ ጓደኞቹ ያጨበጭባሉ። ግጥም ሰጪው ብር ያወጣና አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል።

ልብ በሉ! ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሳይቀር፣ ግጥሙን ማን እንደ ሰጠ አይቷል። ማን እንደ ከፈለ አይቷል። ብሩ የት እንዳረፈ አይቷል። ስለዚህ ማንም አልተታለለም። ውዳሴው የከፋዩ ነው፤ ዜማው የአዝማሪው ነው። አዝማሪው በገንዘብ ስላወደሰ «ውሸታም» የሚለው የለም። እንዲያውም ያው አዝማሪ ማንም ግጥም ሳይሰጠው ከራሱ ሆድ ሲያወጣ ይታወቃል። ጫጫታው ይበርዳል፤ ሰው ጆሮውን ይሰጣል። የተከፈለበትንና የራሱን ሰሚው ለይቶ ያውቃል።

አሁን አንዲት ነገር ብቻ እንለውጥ። ያው ሰው ብሩን ቀን፣ ጓዳ ገብቶ፣ በድብቅ ሰጠው እንበል። አዝማሪው ማታ ያንኑ ግጥም ከራሱ ሆድ ያወጣው አስመስሎ ዘፈነው። ግጥሙ ያው ነው። ዜማው ያው ነው። ብሩም ያው ነው። ሰሚው ግን አላየም። ነገሩ የታወቀ ዕለት ምን ይሆናል? ያ አዝማሪ ከዚያ በኋላ በእውነት ከሆዱ ቢዘፍን እንኳ የሚያምነው አያገኝም። የግል ጦማር ደግሞ ከዚህ እምነት ሌላ ምንም ሀብት የለውም።

[ምስል፦ የስልክ ስክሪን።]

የገንዘቡን መንገድ በፍጥነት ልለፈው፤ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንዱ ማስታወቂያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ጎግል አድሴንስ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ማስታወቂያው ገጹ ላይ ይወጣል፤ ከገቢው ለጸሐፊው ድርሻ ይደርሰዋል። ሁለተኛው ኮሚሽን ነው፤ አማዞን የራሱን እ.ኤ.አ. በ1996 ጀመረ። በጸሐፊው ማስፈንጠሪያ (ሊንክ) በኩል ገብቶ ዕቃ የገዛ ሰው ካለ፣ ሻጩ ለጸሐፊው ድርሻ ይሰጣል። ሦስተኛው ነጋዴው በቀጥታ ከፍሎ የሚያስጽፈው ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያው ማስታወቂያነቱ ያስታውቃል። ጣጣው ያለው በቀሩት ሁለቱ ላይ ነው፤ እዚያ የሚሸጠው የጸሐፊው ምክር ራሱ ነውና። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 መመሪያውን አሻሽሎ፣ ጦማሪ ከሻጭ ያገኘውን ጥቅም ለአንባቢው እንዲገልጽ አድርጓል። በእኛም አገር የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

እግረ መንገዴን የራሴን ልናገር። ይህን ቪዲዮ ስፖንሰር ያደረገ የለም፤ ዩቲዩብ ከሚያሳያችሁ ማስታወቂያ ግን ድርሻ አገኛለሁ። ቻናሉን ገና ያልተቀላቀላችሁ ተቀላቀሉን፤ የደወሏንም ምልክት ተጫኑ።

ወደ ሌላው ከመሄዴ በፊት፣ ከእናንተ ደጋግሞ የሚደርሰኝ አንድ አስተያየት አለ። «ብር ካልተቀበልኩ፣ ስጦታ ብቻ ከሆነ፣ መናገር አይጠበቅብኝም» የሚል። ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ አንድ ሆቴል ሁለት ሌሊት በነጻ አሳደራችሁ እንበል። ጠዋት ለቁርስ ስትወርዱ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ አጠገባችሁ ተቀመጠ። «ብሉ እንጂ፣ ምነው አልበላችሁም!» ብሎ አጎረሳችሁ። አንዴ ብቻ ቢሆን ጠብ ያመጣል ብሎ ደገማችሁ። ስለ ልጆቻችሁ ጠየቃችሁ፤ ስትወጡ ሻንጣችሁን ተሸክሞ በር ድረስ ሸኛችሁ። አሁን ቤታችሁ ገብታችሁ፣ ሙቅ ውኃው ሁለቱንም ቀን እንዳልመጣ ትጽፋላችሁ? አትጽፉም! እጃችሁ አይታዘዝላችሁም። «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» መባልን ማን ይወዳል?

በብር ቢሆን ኖሮ ውል ነበር። ከፈለ፣ ጻፋችሁ፣ ተለያያችሁ። ስጦታ ግን ውለታ ነው፤ ውለታ ደረሰኝ የለውም፣ ማብቂያ ቀን የለውም። ይሉኝታ በሚያስረን በእኛ ዘንድ የተጎረሰ ሰው ከተከፈለው ሰው ይልቅ ምላሱ ይታሰራል። ስለዚህ ስጦታውን መናገር ከክፍያውም ይብስ ያስፈልጋል። የአሜሪካው መመሪያም ቢሆን በነጻ የተሰጠን ዕቃ ከጥቅም ይቆጥረዋል።

እንዴት ይነገር? በመጀመሪያው መስመር፣ በግልጽ አማርኛ፦ «ሆቴሉ ሁለት ሌሊት በነጻ አሳድሮኛል።» በቃ። ከታች፣ ከሁሉም መጨረሻ፣ በደቃቃ ፊደል አይደለም። ብዙ አንባቢ በስልክ ነው የሚያነበው፤ እስከ ታች አይወርድም።

ደግሞ መናገር ብቻውን አይበቃም፤ ይህን አጥብቄ እላለሁ። ፍኖተ ሰላም አካባቢ ተቀምጦ ስለ ንብ ማነብ የሚጽፍ ወጣት እንውሰድ። ዘመናዊ ቀፎ በሸጠ ቁጥር ኮሚሽን አለው፤ ይህንንም በግልጽ ጽፏል። መልካም። አንባቢው ግን በጉን ሸጦ ማነብ ሊጀምር ያሰበ ገበሬ ነው። ዘመናዊ ቀፎ ብቻውን እንደማይበቃ፣ የተዘጋጀ ሰምና የማር ማጣሪያ መሣሪያ እንደሚያስፈልገው ወጣቱ ያውቃል። በአካባቢ ከሚገኝ እንጨትና ጭቃ የሚሠራ የሽግግር ቀፎ እንዳለም ያውቃል፤ ለጀማሪ በወጪ ቀለል ይላል። ከሽግግር ቀፎ ግን ኮሚሽን የለውም። ዝም ቢል ማንም አይከሰውም፤ አንድም ሐሰት አልጻፈም። እኔ ግን በድሎታል እላለሁ! የገበሬው በግ ሄዷል፤ ቀፎውም ማጣሪያ አጥቶ ጓሮ ይቆማል። ኮሚሽን የማይገኝበትን አማራጭ ከጎኑ መጻፍ የጸሐፊው ግዴታ ነው።

ሌላ ነገር፣ ባጭሩ። የግል ጦማር የብቻችሁ ታሪክ አይደለም። የእናታችሁን ሕመም፣ የጎረቤታችሁን ፍቺ ጽፋችሁ ብዙ አንባቢ ብታገኙ፣ ገቢው ከእነርሱ ኑሮ የመጣ ነው። ቁጭ ብላችሁ ያነበባችሁላቸው ጊዜ አለ? ጽሑፉን ከማውጣታችሁ በፊት አንብቡላቸው። «ይህን ሰርዘው» ካሏችሁ ሰርዙት።

አሁን ወደ ነጋዴው። ከመስማማታችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ አሳውቁት፦ መክፈሉን ለአንባቢ እንደምትናገሩ፣ ጉድለት ካያችሁ እንደምትጽፉ፣ ጽሑፉን ሳይወጣ አርሞ እንደማይመልስላችሁ። የሚስማማ ነጋዴ አለ፤ ዕቃውን የሚተማመንበት ይስማማል። ካልተስማማ አመስግናችሁ ተለያዩ። የሚቀጥለው ቪዲዮ ስለዚሁ ገቢ ግብር ነው፤ ጥያቄ ያላችሁ ከወዲሁ ከታች ጻፉልኝ።