ሶኬቱ አልገጥም ያለ ዲናሞ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደሴና ከኮምቦልቻ የደወላችሁልኝ አብዛኞቻችሁ ያነሳችሁት የዲናሞ (ሞተሩ ሲዞር ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው ዕቃ) ጉዳይ ነው። በአየር ላይ ሰዓት አጥሮኝ በጥድፊያ ያለፍኩትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ)፦ ሻንሲውን ራሴ በይጄ፣ ቦዲውን ከፋይበር የሠራሁት መኪና አለኝ። የበፊቱ ዲናሞ አንድ ወፍራምና አንድ ቀጭን ሽቦ ብቻ ነበር የሚይዘው። ሲቃጠልብኝ ያገለገለ ገዛሁ፤ የቶዮታ ነው አሉኝ፤ ባለ ሦስት እግር ሶኬት አለው። ሁለቱን ሽቦ ለየትኛው ልስጥ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ይገጥማል። የሶኬቱን ቅርጽ ለጊዜው እርሳውና የዲናሞውን ጀርባ በቤንዚን ጨርቅ ጥረገው፤ ፊደል ታገኛለህ። ወፍራሙ ብሎን “ቢ” ነው። በሦስቱ እግሮች አጠገብ ደግሞ በዚህ ዓይነቱ ላይ “ኤስ”፣ “አይጂ” እና “ኤል” ተጽፏል። በአሮጌው ላይ ቀጭኗ ሽቦ የታሰረችበት “ዲ ፕላስ” የሚባለው ነበር።

ወፍራሙን ሽቦ ለ“ቢ” ትሰጣለህ። ከዳሽቦርዱ የባትሪ መብራት የምትመጣውን ቀጭኗን ለ“ኤል” ትሰጣለህ። የቀሩት ሁለቱ በመኪናህ ላይ ጭራሽ የሌሉ መስመሮች ስለሆኑ አዲስ ትዘረጋላቸዋለህ። “አይጂ” ቁልፍ ሲከፈት ብቻ 12 ቮልት ከሚያገኝ መስመር፣ በ10 አምፔር ፊውዝ በኩል ይምጣ። ከባትሪው በቀጥታ ከሰጠኸው መኪናው ቆሞም ባትሪውን ሲበላ ያድራል፤ ጠዋት ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። “ኤስ” ግን ተቃራኒው ነው፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ ይመጣል፣ ፊውዙ 7.5 አምፔር ሆኖ ወደ ባትሪው ይጠጋ። ሥራው ባትሪው ዘንድ የደረሰውን ቮልት ለረጉሌተሩ (ቮልቱን ለሚቆጣጠረው ክፍል) ማሳወቅ ነው። ባዶ ብትተወው በዚህ ዓይነት ዲናሞ ላይ የባትሪ መብራቱ ይበራብህና ደህናውን ዕቃ ተበላሽቷል ብለህ ትመልሳለህ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምንህ፦ ለ“ኤል” ያለ አምፖል በቀጥታ ፖዘቲቭ አትስጠው። ውስጥ ያለው ትራንዚስተር ያንን መስመር ወደ ማሳ (ወደ ኔጌቲቭ) ያወርደዋል፤ በመሃል አምፖል ከሌለ የሚያግደው የለም፣ ረጉሌተሩ ያኔውኑ ይቃጠላል። “ገዝቼ ሳልነዳበት ሞተ” ከሚባለው ዲናሞ ስንቱ እንዲህ እንደሄደ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ሻጩ በከንቱ ይሰደባል።

ሶኬቱን በተመለከተ ወደ ሻጩ ተመለስና በዲናሞው ላይ የሚሰካውን ከነሽቦው አንድ ስንዝር አስቆርጥ። በእግሮቹ ላይ ራቁቱን ሽቦ ጠምጥሞ በፕላስተር ማሰር እኛ ሠፈር የተለመደ ነው፤ ግን ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ፕላስተሩም በሙቀት ይላላል። “ኤስ” ሁልጊዜ እሳት ያለበት ሽቦ መሆኑን አትርሳ፤ ሲላቀቅ ማሳ ከነካ የሚያድንህ ያ ፊውዝ ብቻ ነው። ቆርጠህ የምትቀጥለውንም በብየዳ ወይም በሚጨመቅ ማያያዣ ቀጥለው።

የአንተ መኪና ፋይበር ስለሆነ ደግሞ ማሳውን ከቦዲ አታገኝም። ዲናሞው ማሳ የሚያገኘው ከሞተሩ ብሎክ ነው፤ ብሎኩ ደግሞ በጎማ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ከብሎኩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የራሱ ወፍራም ገመድ ይኑረው። የዲናሞውን መያዣ ቀለም ቀብተኸው ከሆነ ብሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ ፋቀው። ቤት ውስጥ የተሠሩ መኪኖች ላይ “ቻርጅ አያደርግም” ተብሎ ሦስት ዲናሞ ሲቀያየር ችግሩ የቀለም ሽፋን ሆኖ ይገኛል።

የ“ቢ” ገመድ ለ70 አምፔር ዲናሞ ከ16 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ለ100 አምፔርና ከዚያ በላይ ለሆነው ከ25 አይነስ። በዳሽቦርዱ አምፔር የሚለካ የድሮ ጌጅ ካለህ አዲሱን ዲናሞ በእሱ በኩል አታሳልፈው፤ ለትንሹ ዲናሞ የተሠራ ነው፣ እሳት ያስነሳብሃል።

ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት በቴስተር (በቮልት መለኪያ) እይ። “ቢ” እና “ኤስ” ቁልፉ ተዘግቶም 12 ቮልት ያሳዩ፤ “አይጂ” ቁልፍ ሲከፈት ብቻ። ቁልፍ ስትከፍት የባትሪ መብራቱ ይብራ፣ ሞተሩ ሲነሳ ይጥፋ። ከዚያ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካነበብክ ጨርሰሃል። ከ15 ካለፈ ወዲያው አጥፋ።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦ የድሮ ፊያት ነው፣ ቤንዚን። ዲናሞ ካስቀየርኩ ወዲህ ቁልፉን ዘግቼም ሞተሩ አይጠፋም። ማርሽ አስገብቼ ፍሬን ይዤ ነው የማጠፋው።

መልስ፦ ሠራተኛው “ዲ ፕላስ”ን ኮይሉን (ለካንዴላው እሳት የሚያመነጨውን) ከሚመግበው የቁልፍ መስመር ጋር በቀጥታ አገናኝቶታል። ቁልፉን ሲዘጉ ዲናሞው ገና እየዞረ ስለሆነ በዚያችው ሽቦ ወደ ኋላ ኮይሉን ይመግበዋል፤ ካንዴላው እሳት መስጠቱን ይቀጥላል። በመሃል ከ2 እስከ 3 ዋት አምፖል ያስገቡ። በእሷ በኩል የሚያልፈው ሩብ አምፔር ብቻ ነው፣ ለኮይሉ አይበቃም። አምፖሏም የባትሪ ምልክት ሆና ታገለግልዎታለች። ኤልኢዲ ግን አይሁን፤ ዲናሞውን ለማስነሳት የምታሳልፈው ጉልበት በጣም ትንሽ ነው። ኤልኢዲ የግድ ከሆነ ከጎኗ 68 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ይግጠሙላት።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)፦ በ45 አምፔሩ ፈንታ 100 አምፔር አስገጠምኩ። ሐረጎ (በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው አቀበት) ላይ ጉም ሲይዘኝ መብራትና ዝናብ መጥረጊያ ስከፍት ቺንጋው (ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ) ይጮሃል፣ መብራቱም ደከም ይላል።

መልስ፦ እህቴ፣ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው። በመጀመሪያ ፑሊውን (ቺንጋው የሚጠመጠምበትን) እይው። የአሮጌው ቺንጋ ባለ አንድ ቦይ ሆኖ የአዲሱ ዲናሞ ፑሊ ባለ ብዙ መስመር ከሆነ መቼም አይስማሙም፤ ልኩ ከመጣ የአሮጌውን ፑሊ ፈትቶ ማዛወር ይቻላል። ልኩ ትክክል ከሆነ ውጥረቱን ፈትሺ፤ ረጅሙን ክፍል በአውራ ጣት ስትጫኚው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይግባ። የቺንጋው ጎን እንደ መስታወት ካበራ ማጥበቅ አይበቃም፣ ይቀየር። አንድ ቀጭን ቺንጋ 100 አምፔር ሙሉውን መጎተት ይከብደዋልና ዲናሞው ላይ የተጻፈውን አምፔር ሁሉ አገኛለሁ ብለሽ አትጠብቂ፤ በተለይ ከከባድ መኪና ኋላ ሆነሽ በዝግታ ስትወጪ ዲናሞው በቂ ዙር አያገኝም። ገመዱንም ፈትሺ፤ መብራት አብርተሽ ከዲናሞው “ቢ” እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ በቴስተር ስትለኪ ከ0.3 ቮልት በላይ ከጠፋ ገመዱ ቀጥኗል ወይም ጫፉ ዝጓል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ቮልስ ነው፣ 12 ቮልት። ጄኔሬተሩን (የድሮውን ዓይነት ቻርጅ ማድረጊያ) አውጥቼ ረጉሌተሩ ውስጡ ያለ ዲናሞ ልገጥም ነው። ከኋላ ወንበሩ ሥር ያለው ረጉሌተርስ?

መልስ፦ ይውጣ አባቴ። ከጄኔሬተሩ ይመጣ የነበረውን ወፍራሙን ከባትሪው መስመር ጋር በብሎንና በዳዶ አጥብቀው ያገናኙና በደንብ ይሸፍኑት። ከዳሽቦርዱ መብራት የምትመጣውን፣ በረጉሌተሩ “61” ላይ የነበረችውን፣ ከጄኔሬተሩ ይመጣ ከነበረችው ቀጭኗ የ“ዲኤፍ” ሽቦ ጋር ያያይዟት፤ ሌላው ጫፏ በአዲሱ ዲናሞ “ዲ ፕላስ” ላይ ይታሰር። ዲናሞው ከ50 አምፔር በላይ ከሆነ የድሮው ወፍራም ሽቦ ቀጭን ነው፣ ይቀይሩት።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሆጤ)፦ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ “ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው” የሚል አለ። ልክ ነው?

መልስ፦ በፍጹም እንዳታስነካው! ባትሪው ሲነቀል ዲናሞው የሚሰጠው ኃይል መሄጃ ያጣና ቮልቱ ለአፍታ ከ80 በላይ ሊዘል ይችላል። የመጀመሪያው ሟች ራሱ ረጉሌተሩ ነው፣ ኮምፒውተር ያለው መኪና ከሆነ እሱም ይከተላል። በቴስተር ይለካ። የፊት መብራት፣ ማራገቢያና ዝናብ መጥረጊያ ተከፍተው፣ ሞተሩ 2000 ዙር ላይ ሆኖ ባትሪው ላይ 13.5 ቮልትና ከዚያ በላይ ከያዘ ዲናሞው ደህና ነው።