ግብጦ፦ ከሥሩ እስከ ምሬቱ

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ተማሪዎች፤ እንደምን ሰነበታችሁ።

በእጄ የያዝኳትን ታውቋታላችሁ። ጧት ከዳንግላ ዳር ካለ ማሳ፣ ባለቤቱን አስፈቅጄ የነቀልኳት ግብጦ ናት። ለጎጃም ሰው ስለ ግብጦ ማውራት ለንብ አበባ ማሳየት ነው ትሉ ይሆናል። እኔም ሥሯን ልብ ብዬ እስካይ ድረስ እንደዚያው አስብ ነበር።

እስቲ ወደ ፊት ቀረብ ያላችሁ እዩት። ከዋናው ሥር ጎን እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ጥቅጥቅ ያለ ጭፍራ ሥር አለ። ሲትሬት የሚባል ነገር ያመነጫል፤ አሲድ በበዛበት ቀይ አፈራችን ብረትና አሉሚኒየም ጠፍረው የያዙትን ፎስፈረስ የሚፈታው እሱ ነው። እነዚህ እብጠቶች ደግሞ ናይትሮጅንን ከአየር የሚወስዱ ባክቴሪያዎች ማደሪያ ናቸው። ግብጦ የተነሣበት ማሳ ለቀጣዩ እህል የሚስማማው ለዚህ ነው። ኖራ የበዛበት አፈር ግን አይወድም።

ቁመቱ ከ1 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ መዳፍ ነው፤ ከ5 እስከ 9 ጣት አለው፤ ፀሐይ በዞረችበት ይዞራል። አበባው ነጭ ሆኖ አንዳንዴ ሰማያዊ ነካ ያደርገዋል። ፍሬው ጠፍጣፋ፣ አራት ማዕዘን መሆን ያማረው ዓይነት።

ስዊድናዊው የእፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ሉፒነስ አልበስ በሚል ሳይንሳዊ ስም መዝግቦታል። የዱር ዘመዱ ዛሬም በግሪክና በባልካን ይበቅላል። ግብፆች ተርሙስ ብለው ይበሉታል፤ ሱዳንም አለ። በእኛ አገር ከአዊና ከምዕራብ ጎጃም እስከ ጎንደር ይዘራል። ስለ ግብጦ አረቄ ዛሬ አላወራም፤ ከእኔ የተሻለ የምታውቁ እዚህ አላችሁ።

ወደ መድኃኒትነቱ ልምጣ። ለደም ግፊትና ለስኳር ተብሎ በየገበያው ይመከራል። ስኳርን በተመለከተ ጋማ ኮንግሉቲን የሚባለው ፕሮቲኑ ተመራማሪዎችን ስለሳበ፣ ወሬው ከባዶ የተነሣ ነው አልልም። ክኒኑን ጥሎ ግብጦ መቁጠር ግን ሌላ ነገር ነው። ምሬቱ እኮ ሉፓኒንና ስፓርቴይን ከሚባሉ አልካሎይዶች፣ ማለትም መርዛማ የተክል ንጥረ ነገሮች፣ የሚመጣ ነው። ስፓርቴይን በውጭ አገር ድሮ ምጥ ለማምጣት ይሰጥ ነበር፤ ጉዳቱ ሲታይ ቀረ። እርጉዝ እህቶቼ፣ ይቺን ስሙኝ። ለውዝ የማይስማማችሁም እንዲሁ፤ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው።

ልጅ ሆኜ ገና ሁለት ቀን የተዘፈዘፈ ግብጦ ከእናቴ ጆንያ ሰርቄ እፍኝ ሙሉ በላሁ። አፌ እንደ ገለባ ደረቀ፤ ማታ የኩራዙ ብርሃን ተበትኖ ታየኝ። እናቴ ኩራዙን አስጠግታ ዓይኔን አየችና፣ ብሌኔ መስፋቱን ስታይ፣ ምን እንደበላሁ ሳትጠይቀኝ አወቀች።

እሳት ብቻውን ይህን መርዝ አያጠፋውም፤ ውሃ ነው የሚያወጣው። እናቶቻችን ቆልተው፣ በጆንያ ቋጥረው፣ ድንጋይ ጭነው ወራጅ ውሃ ውስጥ ለቀናት የሚያቆዩት ለዚሁ ነው። ቀኑን የምትወስነው ምላሳቸው ናት። በበርሜል ዘፍዝፎ ውሃውን ሳይቀይር ለገበያ የሚያቀርበውን ግን አልወድለትም።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን አስቀምጫለሁ። በቀኝ ያለው ስድስት ቀን ወንዝ ውስጥ ከርሟል፤ ብሉ። በግራ ያለው ትናንት የተዘፈዘፈ ነው፤ አንዲት ፍሬ በምላሳችሁ ጫፍ ነክታችሁ ትፉት፤ ልጆች ግን እንዳትነኩት።