ታንኳው ለምን ከበደ?

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። እንደምን አመሻችሁ። 

ጣና ዳር ስለምናስበው ዝግ ያለ የግድያ ልብ ወለድ ባለፈው ያወራኋችሁ ትዕይንት አልለቀቀኝም። አሳ አስጋሪው ጠዋት ሐይቅ ዳር የጎረቤቱን ታንኳ ጫፍ ይዞ ሊያነሳ ሲል ቀጥ የሚልበት። «ታዲያ ምን ተፈጠረ?» ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። ምንም። ነገሩ እሱ ነው እኮ።

እስቲ እንደገና እንየው። ታንኳ ደንገል ነው፣ ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ከሐይቅ ሲመለሱ አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያቆሙት ለዚህ ነው፤ ካልደረቀ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ቢደርቅም ዕድሜው አጭር ነው። የደረቀውን ትንሽ ታንኳ አንድ ሰው ይሸከመዋል። ውሃ የጠጣው ግን አይሞከርም። ባለቤቱ «ትናንት በጊዜ ገብቼ አድርቄዋለሁ» ብሏል። ሰውየው ጫፉን ብድግ እንዳደረገ ውሸት መሆኑን አወቀ። ደም የለ፣ ጩቤ የለ። ክብደት ብቻ።

ጥድፊያ የሚወደው ትሪለር፣ ያ ልብ አንጠልጣዩ ልብ ወለድ፣ እዚህ ጋ ያስጮኸዋል። ፖሊስ፣ ሩጫ፣ የሞተር ጀልባ። ዝግ ያለው ትሪለር ግን ሰውየውን ዝም ያሰኘዋል፤ ዝምታው ደግሞ ምክንያት ይፈልጋል። ብዙ ጸሐፊ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ገጸ ባሕሪው ያወቀውን ከአንባቢ መደበቅ ማዘግየት አይደለም፣ ማጭበርበር ነው። ክብደቱ ለአንባቢውም በዚያችው ቅጽበት ሊሰማው ይገባል፤ የሚዘገየው ትርጉሙ ነው። አንዱ ጥያቄ ሲመለስም ሌላው ይከፈት። ታንኳው ሌሊት ወጥቷል፣ እሺ። ማን ቀዘፈው?

ቦታውን ዘጌ፣ ጣና ውስጥ የገባችው ልሳነ ምድር ላይ ያደረግነው ለዚህ ነው። ባሕር ዳር አሁን ለእንዲህ ያለ ታሪክ ሰፍታለች፣ የማይተዋወቅ ሰው በዝቶባታል። ዘጌ ላይ ቡናው ጫካ ውስጥ ነው፣ ቀኑም ጥላ ነው፣ በጀልባ የገባ እንግዳ ወዲያው ይታወቃል። እና ዕድር! የዕድር መዝገብ አስቡ። ቀብር ላይ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ማን እንዳልነበረ በቀንና በእጅ ጽሑፍ ተቀምጧል። ካሜራ ምን ያደርጋል? ግን የዕድሩ ጸሐፊ ለዘመዱ «ተገኝቷል» ብሎ ምልክት አድርጎለት ቢሆንስ... በቃ፣ ሌላ 100 ገጽ ወጣው።

የሰሜን አውሮፓ የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊዎች በረዶና የማይነጋ ሌሊት አላቸው። የእኛ ሌሊት ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው፣ በጨለማ አንወዳደራቸውም። ጣና ግን ይሞላል፣ ይጎድላል። መስከረም አካባቢ ጢም ይላል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይሸሻል። በሙላቱ ጊዜ ዳር የተጣለ ነገር ከስምንት ወር በኋላ ጭቃ ላይ ብቅ ሊል ይችላል። ሰሜን ምሥራቁ ዳር ቢሆን ደግሞ እምቦጩ... አይ፣ እምቦጭ ውስጥ ከገባሁ አልወጣም።

ወደ ሰውየው። ዝም ብሎ ምን አደረገ? ታንኳውን እየጎተተ ፀሐይ ላይ አቆመው። ማንኛውም ጎረቤት የሚያደርገውን አደረገ። ግን የሚያደርቀው ማስረጃውን ነው! አውቆ ነው? ወይስ እጁ የለመደውን ሠራ? ደግነት ነው ልል እልና... እንጃ።

ገዳዩን ለማወቅ ነው የምናነበው ይባላል። አይመስለኝም። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሁሉም ቁራጭ ቁራጭ ያውቃል። አንዱ ክብደቱን፣ አንዱ መዝገቡን፣ ጠላ ሻጯ ማን ስንት ሰዓት እንደወጣ። የሚጠፋው ገጣጣሚው ነው። ገጣጥሞ የተናገረ ሰው ነገም እዚያው ነዋሪ ነው፣ ልጁም እዚያው ነው የሚዳረው።

መጨረሻው ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። የውጭዎቹ በካቴና ይዘጋሉ። እኛ ጋ ሽማግሌ ቀድሞ ገብቶ፣ ካሳ ተቆርጦ፣ ደም ደርቆ ቢሆንስ? ክሱ አይቀርም፣ ምስክሩ ግን ይጠፋል። መርማሪው ምዕራፍ 20 ላይ ሲደርስ ሰው ታርቆ ጨርሷል። ያኔ ምስጢሩ የሚወጣው ለማን ተብሎ ነው? ለአንባቢው? አንባቢው እኮ የዚያ አገር ሰው አይደለም፣ መጽሐፉን ዘግቶ ይሄዳል። ቆይ ግን... ካሳውን የከፈለው ያልገደለው ቢሆንስ? ስለ ወንድሙ ብሎ የከፈለ? እሱ ሌላ ታሪክ ነው። ወይም ታሪኩ እሱ ነው፣ አላውቅም። ሽማግሌዎቹስ... ሳያውቁ ያስታረቁ ይመስላችኋል?