የሚሞቀው ወንበር አልሞቅ ሲል

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ነው። ወንበር የተሳለባት፣ ከወንበሩም ሦስት ጠመዝማዛ መስመሮች እንደ እንፋሎት ሽቅብ የሚወጡባት የመኪና ወንበር ማሞቂያ ቁልፍ። ሚኒያፖሊስ፣ ዴንቨር፣ ቶሮንቶ፣ ስቶክሆልም ላላችሁ አዲስ አይደለችም። ጥር ላይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ መንገደኛ ኤርፖርት የሚያደርስ ሾፌር ሞተር ካስነሳ በኋላ መጀመሪያ የሚነካት እሷን ነው።

ብዙ ሰው የቅንጦት ነገር ናት ይላታል። እኔ በዚህ አልስማማም። የነዳጅ መኪና አየር ማሞቂያ ሙቀቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ውሃ ነው፤ ሞተሩ ካልጋለ እሱም ቀዝቃዛ አየር ነው የሚነፋው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ውጭ ያደረ መኪና፣ በፋራናይት ከዜሮ በታች 4 መሆኑ ነው፣ ደህና ሙቀት እስኪሰጥ 10 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ወንበሩ ግን ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ወገብ ላይ ይሰማል። ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1966 ሞዴሎቹ ላይ ተጨማሪ ለከፈለ ብቻ ነበር የሚያቀርበው። ብርዱን የሚያውቀው የስዊድኑ ሳብ ግን እ.ኤ.አ. በ1972 ሞዴሎቹ ላይ የሾፌሩን ወንበር ማሞቂያ ከመኪናው ጋር አብሮ የሚመጣ አደረገው። በረዶ አገር የሚኖር ሰው ነገሩን በምን ዓይን እንደሚያየው ከዚህ ይታወቃል።

በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ጥቅሙ ከምቾት ያልፋል። የውስጡን አየር ለማሞቅ በብርድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ዋት ሊወስድ ይችላል። አንድ ወንበር የሚወስደው ከ50 እስከ 100 ዋት ነው። ልዩነቱ በኪሎ ሜትር ይቆጠራል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ አዲስ አበባ ከገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ይህ ማሞቂያ ያላቸው አሉ፤ አንዳንዱ ላይ ቁልፉ ስክሪኑ ውስጥ ስለሆነ ባለቤቱ መኖሩን አያውቅም። የኅዳር ማለዳ ላይ አየር ማሞቂያውን አጥፍቶ ወንበሩን ብቻ ማብራት ባትሪን የማዳን ቀላሉ መንገድ ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ከፎደራው ሥር፣ ከስፖንጁ በላይ፣ እንደ ጨርቅ የሳሳ ምንጣፍ አለ። በውስጡ ቀጭን ሽቦ እየተጠማዘዘ ያልፋል፤ በአንዳንዱ በሽቦ ፈንታ የካርቦን ክር ነው። አንዱ ምንጣፍ መቀመጫው ላይ፣ ሌላው መደገፊያው ላይ። በ12 ቮልት 60 ዋት የሚወስድ ወንበር 5 አምፔር ይስባል፤ ሬዚስታንሱ፣ ሽቦው ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ 2.4 ኦም ይሆናል ማለት ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን። መቀመጫው ምንጣፍ ውስጥ የሙቀት መለኪያ ሴንሰር ተቀብሯል። ሴንሰሩ ለመቆጣጠሪያው ሳጥን "ሞቋል" ሲለው ሳጥኑ ኃይሉን ይቀንሳል ወይም ያቋርጣል።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ሞተር አስነሱ፣ ከፍተኛው ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ወደ ዝቅተኛው። ሞተር ሳይነሳ አታብሩት። ሁለቱ የፊት ወንበሮች አንድ ላይ እስከ 16 አምፔር ሊስቡ ይችላሉ፤ በዚያ ብርድ ደግሞ ባትሪው ራሱ ጉልበቱ ወደ ግማሽ ወርዷል። ወፍራም የበግ ቆዳ ወይም ተጨማሪ የወንበር ልብስ አታልብሱበት። ሙቀቱ ወደ እናንተ መውጣቱን ትቶ ከታች ይታፈናል፣ ሴንሰሩም ቶሎ ያቋርጠዋል። "ወንበሬ አይሞቅም" የሚል ሰው መጀመሪያ ልብሱን ገልጦ ይሞክር። ወንበሩ ላይ በጉልበት መንበርከክም ይቅር። የኋላ ወንበር ላይ ዕቃ ለማቀበል ጉልበታችንን የፊቱ መቀመጫ ላይ ስናሳርፍ፣ መላው ክብደት በአንዲት ነጥብ በዚያ ቀጭን ሽቦ ላይ ያርፋል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ቆዳ ለመቃጠል እሳት አያስፈልገውም። 44 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ነገር ከቆዳ ጋር ለ6 ሰዓት ያህል ተጣብቆ ከቆየ ያቃጥላል። ሙቀቱ ጥቂት ዲግሪ ሲጨምር ሰዓቱ ወደ ደቂቃ ይወርዳል። ጤነኛ ሰው ሲለበልበው ቁልፉን ያጠፋል። የስኳር ሕመም የነርቭ ስሜቱን ያደነዘዘው፣ የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ወይም የሚያደነዝዝ መድኃኒት የወሰደ ሰው ግን አይሰማውም። ቁስሉን የሚያየው ማታ ልብሱን ሲያወልቅ ነው። እባካችሁ፣ ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባቶቻችንን ከጎናችን ስናስቀምጥ ይህን እናስብ። ቁልፉን አያውቁትም፣ ቢያውቁትም ይሉኝታ ይዟቸው "ደህና ነው ልጄ" ይላሉ። "እማዬ፣ ሞቀሽ?" ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። እጃችሁን ከመቀመጫው ጋር አስነኩና ለዩት፤ ረጅም መንገድ ከሆነ ጭራሹን አጥፉት። አንዳንድ መኪና ከሩቅ በሪሞት ሲነሳ ወንበሩን በራሱ ጊዜ ያበራል፤ ይህን ከሴቲንግ ውስጥ ማጥፋት ይቻላል። የሕፃን ወንበር የታሰረበት መቀመጫ ላይ ማሞቂያውን ፈጽሞ አታብሩ። ቀኑን ሙሉ ከፍተኛው ላይ አድርጋችሁ ለምትነዱ ደግሞ፣ የጭናችሁ ጀርባ ላይ መረብ የመሰለ ጠቆር ወይም ቀላ ያለ ምልክት ካያችሁ ከሙቀቱ ሊሆን ይችላልና ማሞቂያውን አቁማችሁ ለሐኪም አሳዩ።

ወደ ብልሽቱ። ሰው ወንበሩ ሲቀዘቅዝበት ወዲያው "ምንጣፉ ተቃጥሏል" ብሎ ፎደራ ወደሚያስፈታው መካኒክ ይሄዳል። ያ የመጨረሻው እርምጃ ነው። መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ አስተውሉ። ሁለቱም ወንበር ነው ወይስ አንዱ? ሁለቱም በአንድ ቀን ከጠፉ ምንጣፉ አይደለም፤ ሁለት ምንጣፍ በአንድ ሌሊት አይበጠስም። ፊውዙን፣ ሪሌዩን (ኃይሉን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ነው)፣ የባትሪውን ቮልቴጅ እዩ። መቆጣጠሪያው ቮልቴጁ ሲወርድ ባትሪውን ለማዳን ብሎ የወንበሩን ኃይል ያቋርጣል፤ ስለዚህ ያረጀ ባትሪ ወይም የደከመ ዲናሞ የወንበር ብልሽት መስሎ ሊመጣ ይችላል። ፊውዙ ብዙ ጊዜ 15 ወይም 20 አምፔር ነው። ከተቃጠለ በዚያው ቁጥር ተኩት፤ 20 የነበረውን በ30 መተካት ሽቦውን ፊውዝ ማድረግ ነው። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሾርት (መነካካት የሌለባቸው ሽቦዎች መነካካት) አለና እዚያው ላይ አቁሙ።

አንዱ ወንበር ብቻ ከሆነ ቁልፉ ላይ ያለችው መብራት ትናገራለች። በርታ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ራሷ ከጠፋች፣ መቆጣጠሪያው የተቋረጠ ሽቦ ወይም የተበላሸ ሴንሰር አግኝቷል። ጭራሽ ካልበራች ቁልፉን ወይም ወደ ቁልፉ የሚመጣውን ኃይል ጠርጥሩ፤ የግራና የቀኙ ቁልፍ ሶኬት አንድ ዓይነት ከሆነ አቀያይሮ መሞከር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በርታ ከቆየችና ሙቀት ከሌለ፣ ችግሩ ከወንበሩ ሥር ወይም ከፎደራው ሥር ነው። መደገፊያው ሞቆ መቀመጫው ከቀዘቀዘ፣ ሁለቱ ምንጣፎች ለየብቻ የተገናኙ ናቸውና የተበጠሰው የመቀመጫው ነው። ተከታትለው የተገናኙ ቢሆኑ አንዱ ሲበጠስ ሁለቱም ነበር የሚጠፉት።

ከወንበሩ ሥር ያለው ሶኬት፣ በተለይ ለታክሲ ነጂዎች፣ ዋናው ተጠርጣሪ ነው። የመንገድ ጨው የቀላቀለ በረዶ ከጫማ ላይ ይቀልጥና የወለሉ ምንጣፍ ሥር ይጠራቀማል፤ መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል። የኋላ ተሳፋሪ እግሩን ሲዘረጋ ገመዱን ይጎትታል፤ የበረዶ መፋቂያውም ከዚያው ሥር ገብቶ ወንበሩ ሲንሸራተት ሽቦውን ይቆነጥጣል። መብራቷን አብርታችሁ ወንበሩን ወደፊትና ወደኋላ አንሸራቱት። ብልጭ ድርግም ካለች አግኝታችሁታል።

ሶኬት ከመንቀላችሁ በፊት ግን አንድ ነገር። ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ ሽቦ ያለበት የኤርባግ ነው። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያው) አይነካውም፣ በሽቦ አይወጋም። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱና 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ የመኪናችሁ መጽሐፍ ከዚያ በላይ ካለ እሱን ስሙ። ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ ቁልፉን ኮንታክት ላይ አታድርጉ፤ የኤርባጉ መብራት ይበራና ስህተቱ በኮምፒውተር መሣሪያ ካልተሰረዘ አይጠፋም።

ይህን ካደረጋችሁ የማሞቂያውን ሶኬት ንቀሉ። ወፍራሞቹ ሁለት ሽቦዎች የማሞቂያው ናቸው፣ ቀጫጭኖቹ የሴንሰሩ። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎቹን እርስ በርስ አነካኩ፤ የሚያሳየውን ትንሽ ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ኦም በታች ነው፣ ከንባባችሁ ላይ ቀንሱ። ቅድም ያልኳችሁ 2.4 እዚህ ጋ ትመጣለች። ጥቂት ኦም ካነበበ ምንጣፉ ደህና ነው። ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሾርት አለው። ሴንሰሩ በብዙ መኪና በክፍል ሙቀት 10 ሺህ ኦም አካባቢ ይሆናል፤ በእጅ ሲያሞቁት ቁጥሩ መውረድ አለበት። እያነበባችሁ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ይወዛወዝ። ሰው ሲቀመጥ ብቻ የሚቋረጥ ስብራት ባዶ ወንበር ላይ አይገኝም። የሾፌሩ ወንበር የውጪ ጠርዝ፣ በቀን ሠላሳ ጊዜ የምንንሸራተትበት ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው እዚያ ነው።

ምንጣፉ ደህና ከሆነ ሶኬቱን መልሱ፣ ባትሪውን እሰሩ፣ ሞተሩን አስነሱና ከሶኬቱ ጀርባ ቮልቴጅ ለኩ። ኃይል እየፈሰሰ ሳለ ከግራውንዱ (ከኔጌቲቩ) ሽቦ እስከ መኪናው ብረት ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ ግራውንዱ ዝጓል፤ ፍቱት፣ ጥረጉት፣ መልሳችሁ እሰሩት።

የተበጠሰ ማሞቂያ ሽቦን ለመቀጠል የሚሞክሩ አሉ። አታድርጉት። የተቀጠለው ነጥብ ከሌላው ይበልጥ ይግላል፤ ፎደራውን በስቶ ልብስ ድረስ የሚደርሰው እንዲህ ያለ ነጥብ ነው። አንድ ቦታ ብቻ የሚያቃጥል ከሆነ ወይም የተለበለበ ስፖንጅ ከሸተታችሁ ፊውዙን ነቅላችሁ አስቀምጡት።

ያገለገለ መኪና ስትገዙ ሁለቱንም ወንበር ለአምስት አምስት ደቂቃ አብርታችሁ መቀመጫውንም መደገፊያውንም በእጅ ዳስሱ። ቁልፉ መኖሩንም አረጋግጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ በቺፕ እጥረት ምክንያት ጂኤም ብዙ መኪኖችን ያለዚህ ማሞቂያ አስወጥቷል።

ፎደራ ማስፈታት ለማይፈልግ ሰው ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የሚሰካ የሚሞቅ ትራስ አለ። ከ45 እስከ 60 ዋት ይወስዳል። አንዱ ችግር የለውም፤ ሁለት በማከፋፈያ ሲሰካ ግን የሶኬቱን ፊውዝ አቅም ተመልከቱ፣ 10 አምፔር ብቻ የሆነ አለ። ሶኬቱ መኪናው ጠፍቶም ኃይል የሚሰጥ ከሆነ ስትወርዱ ንቀሉት።

ምንጣፉን ለመቀየር ከወሰናችሁ ደግሞ የሾፌሩና የተሳፋሪው ወንበር እኩል አይደሉም። የሾፌሩ ላይ አራት ብሎን ተፈትቶ፣ ፎደራውን የያዙት የብረት ቀለበቶች በፒንሳ ተቆርጠው፣ አዲሱ ምንጣፍ ሳይታጠፍ ይለጠፋል፣ ቀለበቱም በአዲስ ይተካል። የተሳፋሪው ወንበር ግን በብዙ መኪና ማን እንደተቀመጠበት በክብደት የሚለይ ሴንሰር አለው፤ ኤርባጉ ይፈንዳ አይፈንዳ የሚወሰነው በእሱ ነው። በአንዳንድ መኪና ሴንሰሩ ከማሞቂያው ምንጣፍ ጋር አንድ አካል ነው፣ ሲቀየርም በኮምፒውተር እንደገና መስተካከል ይኖርበታል። የምትወስዱት ጋራዥ ይህን የሚያስተካክል መሣሪያ ከሌለው የሾፌሩን ወንበር ብቻ ስጡት።