ባዮሾክ ሁለት፦ ከኋላ ሆና የምታየን ልጅ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ሃያ ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ባዮሾክ የተባሉትን ሦስት የቪዲዮ ጌሞች አወዳድርልን ነው የተባልኩት። በቃሌ መናገር እችል ነበር፤ ግን ባለፈው ወር እዚሁ አዳራሽ እጅ አውጥተን ስንመርጥ የሆነው ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ስሜት ገፍቶኝ ቃል እንዳይጠፋብኝ ጽፌ መጣሁ። አንደኛው አንደኛ ወጣ። ሦስተኛው ሁለተኛ ወጣ። ሁለተኛው መጨረሻ። አራት እጅ ነው ያገኘው፤ አንዱ የእኔ ነበር።

አብዛኞቻችን የወጣነው ከአንድ ዓይነት ቤት ነው። አሸናፊ ይቀጥላል እየተባለ፣ በሰዓት እየከፈልን፣ ፊፋ ስንጫወት ነው ያደግነው። ታሪክ ያለው ጌም ለመጫወት እዚያ ቤት ተራ የሚሰጥህ አልነበረም። አንድ ሰው ብቻውን ቴሌቪዥን ይዞ ሦስት ሰዓት ሲቀመጥ ወረፋ የያዘው ሁሉ ይጮኻል። ስለዚህ ባዮሾክን የተጫወትነው ቤታችን ወይ ኮምፒውተር ያለው ጓደኛ ቤት፣ በኤክስተርናል አስገልብጠን፣ ሰብታይትል አብርተን፣ ያልገባንን ቃል ደብተር ጀርባ ላይ እየጻፍን ነው። ታሪኩን ከሀ ጀምሬ ለእናንተ አልተርክም። ታውቁታላችሁ።

ከአንደኛው ልጀምር፤ ክብር ለሚገባው ክብር። በፈረንጆቹ 2007 ሲወጣ ኬን ሌቪንና ጓደኞቹ ያደረጉትን ነገር ከዚያ በፊት በተኩስ ጌም ውስጥ ያየሁ አይመስለኝም። አንድሩ ራያን አትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር ራፕቸርን የገነባው መንግሥትም ሃይማኖትም እጁን የማያስገባበት ከተማ ፈልጎ ነው። በ1960 እኛ ስንደርስ ጣሪያው ውሃ ያፈሳል፤ ሰዉ አዳም በሚባል ሰውነትን በሚቀይር ንጥረ ነገር ሱስ አብዶ እርስ በርሱ ይተራረዳል። ያንን አዳም ደግሞ ከሬሳ የሚለቅሙት ሊትል ሲስተሮች ናቸው፤ በሆዳቸው የባሕር ትል የተቀበረባቸው ትንንሽ ልጆች።

አትላስን አስታውሱት። በሬዲዮ ውስጥ እያባበለ የሚያዘውን። ያ በየትእዛዙ መግቢያ የሚያስገባት የጨዋ እንግሊዝኛ ሐረግ አለች። እኔ አጠገቤ ለሚቀመጡ ጓደኞቼ ስተረጉምላቸው «በእናትህ» ነበር የምለው። በእናትህ ያንን ሬዲዮ አንሳ። በእናትህ ወደዚያ ሂድልኝ። ራያን ክፍል ገብተን ሐረጓ ገና በልጅነታችን ጭንቅላታችን ውስጥ የተተከለች ማዘዣ መሆኗ ሲገለጥ፣ ራያን ራሱ ያችኑ ቃል ተናግሮ የጎልፍ ዱላውን ሲያቀብለንና እጃችን ያለ ፈቃዳችን የገዛ አባታችንን ሲደበድብ፣ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው አራት ልጆች ፀጥ አልን። በእናትህ ተብሎ እምቢ የሚል ማን አለ? እኛ አገር እኮ ያቺ ቃል ከመጣች ሰው ያለውን ያወጣል። እንግሊዝኛው ከሚለው በላይ የገባን ለዚህ ይመስለኛል።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንደኛውን የሚያህል የለም። ከዚያ በኋላስ? መታዘዝ ባርነት ነው ብሎ ያስተማረን ጌም፣ ራያን ከሞተ በኋላ ያው በሬዲዮ ያዘናል፤ የሚያዘን ሰው ብቻ ተቀየረ። ምርጫ የተባለውንም እስቲ በሒሳብ እንየው። ሊትል ሲስተሯን ሃርቨስት ካደረግክ፣ ማለት ገድለህ አዳሟን ከወሰድክ፣ 160 አዳም፣ ካዳንካት 80። ልጅ ማዳን ዋጋ የሚያስከፍል ይመስላል አይደል? ግን ሦስት ባዳንክ ቁጥር ሊትል ሲስተሮቹን ከፈጠረችው ሳይንቲስት ከቴነንባም የስጦታ አሻንጉሊት ይመጣልሃል፤ ውስጡ 200 አዳም አለ። ሦስት የገደለ 480 ያገኛል፣ ሦስት ያዳነ 440 ከነማሟያው። የ40 ልዩነት! ሕሊናህን የፈተነ መስሎህ ነበር፤ ኪስህን እንኳን አልነካም።

እዚህ ላይ የቤቴን ነገር ልንገራችሁ፤ የመጣሁትም ለዚህ ነው።

በ2006 ዓ.ም. አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ኤክስተርናሌን የሚሞላልኝ ልጅ ነበር፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ አሁንም ሰላም እንባባላለን። አንደኛውንና ሦስተኛውን ገለበጠልኝ። ሁለተኛውስ ስለው «ተወው፣ እሱ አይረባም፣ ቦታ አትጨርስ» አለኝ። እሺ አልኩ። ራሱ ተጫውቶት እንደማያውቅ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ታናሽ እህቴ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ኮምፒውተሩ ሳሎን ነው ያለው። በርጩማዋን ከወንበሬ ኋላ ታስጠጋና የቤት ሥራዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ትጽፋለች ስል ታያለች። እናታችን ማድ ቤት ናት፤ የሽንኩርቱ ሽታ እስከ እኛ ይመጣል። ሊትል ሲስተሯን የሚጠብቀውን ግዙፍ ቢግ ዳዲ በብዙ ጥይት ጥዬዋለሁ፤ ልጅቷ ሬሳው ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። አነሳኋት። ሁለቱ ምርጫዎች ስክሪኑ ላይ መጡ። ጓደኞቼ 160ው ይሻላል ብለውኝ ነበርና ሃርቨስት የሚለውን ተጫንኩ። ታውቁታላችሁ፤ አያሳይህም። ስክሪኑ ይጨልማል፣ ሲመለስ እጅህ ላይ ያ ትል ብቻ አለ። ከኋላዬ «ልጅቷስ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ሄደች» አልኩ። «የት?» አልመለስኩላትም። ትንሽ ቆይታ ደብተሯን ይዛ ተነሳች።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ጓዳ ስገባ አሻንጉሊቷን ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጨርቅ አሻንጉሊት ናት፣ አክስታችን የሰፋችላት፤ የአንድ ዓይኗ ቁልፍ ወልቋል። በአንድ እጇ አንገቷን ይዛ ከፍ አድርጋታለች። ጮክ ብላ አይደለም የተናገረችው፣ በሹክሹክታ ነው፤ «ዝም በይ፣ አዳሙን ልወስድ ነው» አለቻት። ከዚያ አሻንጉሊቷን ትራሱ ሥር ከተተቻትና እጇን ከፍታ ባዶ መዳፏን አየች።

ከዚያ ቀን በኋላ እሷ ባለችበት ያንን ቁልፍ ተጭኜ አላውቅም። አዳም አነሰ አላነሰ፣ መጨረሻው አማረ አላማረ፣ ግድ አልሰጠኝም። የምታየኝ ልጅ አለች።

ሁለት ዓመት አለፈ። ሁለተኛውን ከሌላ ሰው አግኝቼ ከፈትኩት። ጊዜው 1968 ነው። ቢግ ዳዲው አንተ ነህ፤ ዴልታ። መክፈቻው ላይ፣ በ1958 የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በኋላ ራፕቸርን የምትገዛው ሶፊያ ላምብ ልጇ ኢሌኖር እያየች ዴልታን ታንበረክክና በገዛ እጁ ራሱን እንዲተኩስ ታደርገዋለች። ልጅቷ ስትጮህ ትሰማለህ። ከአሥር ዓመት በኋላ ትነቃለህና እንደ ልጅህ ትጠብቃት የነበረችውን ኢሌኖርን ፍለጋ ትወጣለህ። በመንገድ ላይ ሊትል ሲስተሮችን ትከሻህ ላይ ታዝላለህ። ወደ ሬሳው ትመራሃለች፣ ታወርዳታለህ፣ እሷ አዳሙን ስትቀዳ ከየአቅጣጫው የሚመጣባትን አንተ በመሰርሰሪያህ ትመክታለህ። የተኩስ ጌም ነው፤ ግን የምትተኩሰው ልጅ ጥግ ላይ አስቀምጠህ ነው። የት ላውርዳት፣ ከኋላዋ ግድግዳ አለ ወይ፣ በየትኛው በር ይመጡባታል፣ ወጥመዱን የት ልትከል ብለህ ታስባለህ። አባት የሚያስበውን ነው የምታስበው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ኢሌኖር ከሩቅ እያየችህ መሆኗ ነው። በሊትል ሲስተሮቹ በኩል የምታደርገውን ሁሉ ታያለች፣ ትማራለችም። ሦስት ሰዎች እጅህ ላይ ይወድቃሉ። ግሬስ ሆሎዌይ ጥቁር ዘፋኝ ናት፤ እናትየዋ ስትታሰር ኢሌኖርን ያሳደገችው እሷ ናት። ልጄን የነጠቀኝ፣ መንጋጋዬን የሰበረው አውሬ እያለች ከተማውን ሁሉ አስነስታብሃለች። ክፍሏ ስትደርስ ግን ያለ ጠባቂ ቆማለች፤ ያው አውሬ ነህና ጨርሰኝ ትልሃለች። ቁልፉን ወስደህ፣ ምንም ሳታደርጋት ብትወጣ አውሬ እንዲህ ያደርጋል ወይ ብላ ትገረማለች። ስታንሊ ፑል ሌላ ነው፤ ጥፋተኛ ነው፣ ፈሪ ነው፣ ኢሌኖርን ለማሳደጊያው አሳልፎ የሰጣት እሱ ነው። እሱን መማር እጅ ያቃጥላል። ጊል አሌክሳንደር ደግሞ አእምሮው ሳይነካ በፊት ግደሉኝ ብሎ ድምፁን ቀርጾ ትቷል፤ አሁን ያበደው እሱነቱ አትግደለኝ ይላል። የትኛውን ሰው ትሰማለህ? እኔ እስከ ዛሬ መልሴ ትክክል መሆኑን አላውቅም። ሦስቱም በአንድ ሚዛን አይመዘኑም፤ አዳም ስጦታ ተልኮልህም አይካካስም።

መጨረሻው ላይ እናቷ ስትሰጥም ኢሌኖር ያደረግከውን ታደርጋለች። ይቅር ስትል አይታህ ከሆነ የመተንፈሻ መሣሪያውን እናቷ ፊት ላይ ታጠልቅላታለች። ሕፃናቱን ስትበላ አይታህ ከሆነ እሷም ትበላለች። አንተን ደስ ሊያሰኝህ ብሎ የተጻፈ መጨረሻ አይደለም፤ ከአንተ ምን እንደተማረች ይነግርሃል። ይህንን ስጨርስ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነበር። ሄጄ የእህቴን ክፍል በር ገፋ አድርጌ አየሁ። ተኝታ ነበር።

እና አራት እጅ! «ያው ከተማ ነው፣ አዲስ ነገር የለውም» አላችሁኝ። «ሌቪን የለበትም» አላችሁኝ። አዎ የለበትም። ጆርዳን ቶማስ ነው የመራው፣ ቱ ኬ ማሪን የተባለው ስቱዲዮ ነው የሠራው። ታዲያ ሥራ የሚለካው በሠሪው ዝና ነው ወይ? የገምጋሚዎቹ ነጥብ 88 ሆነ፣ አንደኛው 96 አለው ትሉኛላችሁ። 88ን የሰጡት ሰዎች ከእኔ ወንበር ኋላ በርጩማ ላይ አልተቀመጡም!

አሁን ወደ ሦስተኛው። በሰማይ የምትንሳፈፈው ኮሎምቢያ ውብ ናት፤ አልክድም። አብራህ የምትጓዘው ኤልዛቤት በውጊያ መሐል ጥይት ስትወረውርልህ፣ ሳንቲም ስታቀብልህ፣ ጓደኛ ያለህ ይመስልሃል። እኛ ሆነን የምንጫወተው የቡከርና የልጁ ነገር ሲገለጥ እኔም አልቅሻለሁ። ግን ምርጫ የተባለውን እስቲ ቁጠሩልኝ። የአንገት ጌጥ ላይ ወፍ ወይስ የወፍ ማጎሪያ? የትኛውንም ብትመርጥ ያው ነው። በበዓሉ ላይ በነጭና በጥቁር ጥንዶች ላይ ኳስ ወርውር ይሉሃል፤ በጥንዶቹ ላይም በአስተናጋጁም ላይ ብታነሳ ሳትወረውር እጅህን ይይዙሃል። ታሪኩ ራሱ ምርጫ የለም የሚል ነው ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። በ2007 ያንን ነግሮናል፤ በ2013 ደግሞ መንገሩ ለምን እንደ አዲስ ግኝት ይጨበጨብለታል?

የሚያንገበግበኝ ግን ዴዚ ፊትዝሮይ ናት። ጥቁር አገልጋይ ናት። ጌቶቿ ራሳቸው በሠሩት ግድያ ተወንጅላ የሸሸች፣ የተረገጠውን ሠራተኛ ሁሉ ያደራጀች ሴት። ጌሙ ግማሽ መንገድ ድረስ ይህን ያሳየናል። ከዚያ ምን ያደርጋታል? ፊቷን ደም ያስቀባትና ሕፃን ልጅ ላይ ጠመንጃ ያስደግናታል። ቡከርም ከከተማዋ ገዢ ከኮምስቶክ አትለይም ይለናል። አትለይም? በቆዳ ቀለም ሰው በሚዋረድበት ከተማ፣ የሚያዋርደውና የተዋረደው አንድ ናቸው? ይህን እኔ አልቀበልም፤ እዚህ የተቀመጣችሁም የምትቀበሉ አይመስለኝም! በ2014 በወጣው ተጨማሪ ክፍል ፊትዝሮይ ልጁን ልትገድል እንዳልነበረ፣ ሆን ብላ እንደተሠዋች ሊያስረዱን ሞከሩ። ስህተታቸውን ያወቁት ይመስለኛል። ግን ዋናውን ጌም ብቻ የተጫወተ ሰው እሷን የሚያስታውሳት በዚያ ደም በተቀባ ፊት ነው። በሁለተኛው ውስጥ ግሬስ ሆሎዌይም ጠላታችን ነበረች፤ ጥቁርም ነበረች፤ ጌሙ ግን ሰው መሆኗን አልነጠቃትም። ልዩነቱን እዩት።

ስለ ተኩሱ ብዙ አልልም። ሦስተኛው ሁለት ጠመንጃ ብቻ ያስይዝሃል፤ ሁለተኛው በአንድ እጅ መሣሪያ፣ በሌላው ፕላዝሚድ፣ ማለት ከአዳም የሚገኘውን ልዩ ኃይል፣ አንድ ላይ ያስይዝሃል፤ በአንደኛው እየቀያየርክ ነው። በተኩስ ሁለተኛው እንደሚሻል ያልመረጣችሁትም አትክዱትም። መልቲፕሌየሩ ግን ባይኖር ይሻል ነበር።

የሁለተኛውን ተጨማሪ ክፍል፣ ሚነርቫስ ዴንን፣ ያልተጫወታችሁ ተጫወቱት። አጭር ነው፣ በአንድ ማታ ያልቃል።

ደቂቃዬ እያለቀ ነው። ከእረፍት በኋላ ዳግም እንደምንመርጥ አዘጋጆቹ ቃል ገብተውልኛል። ከኋላ፣ ከሻይ ጠረጴዛው አጠገብ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሁለተኛውን ከፍቼ አስቀምጫለሁ። ዴልታ ግሬስ ፊት ቆሟል፤ እኔ ምንም አልነካሁም። እህቴ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ከኮምፒውተሩ አጠገብ የተቀመጠችው እሷ ናት። ማውሱን የምትይዙት በየተራ ነው፤ እሷ ተራ ታስይዛችኋለች።

አመሰግናለሁ።