የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ኦቾሎኒና የዱር ዘመዶቹ

በጅማ የግብርና ፕሮግራማችን በስልክ ለደረሱን ጥያቄዎች የሰብል ማሻሻያ ባለሙያው የሰጡት መልስ ቀጥሎ ቀርቧል።

ከሶኮሩ ቆላ የደወሉ አባት፦ «ኦቾሎኒዬ ሊደርስ ሲል ቅጠሉ ጠቁሮ ይረግፋል። ዘር ብቀይር ይሻለኛል?»

አባቴ፣ መጀመሪያ አንድ ቅጠል ቆርጠው ጀርባውን ይዩልኝ። ጥቁር ክብ ነጠብጣብ ካለበት ዘግይቶ የሚመጣው የቅጠል ነጠብጣብ ነው። ቡናማ ሆኖ ዙሪያውን ቢጫ ከከበበው ቀድሞ የሚመጣው ነው። በጣትዎ ሲያሹት ብርቱካናማ ዱቄት ከለቀቀ ደግሞ ዋግ ነው። ሦስቱም ፈንገሶች ናቸው፤ የእኛ አካባቢ እርጥበት ይመቻቸዋል። ቅጠሉ የረገፈ ተክል ፍሬውን አይሞላም፤ ፍሬውን የያዘው ዘንግ ስለሚደክምም ሲነቅሉት ግማሹ አፈር ውስጥ ይቀራል። በሽታውን የሚቋቋም ዘር ይረዳዎታል። ነገር ግን ያለፈው ዓመት ገለባ ማሳው ላይ ከተረሳ፣ ኦቾሎኒውም ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ጋር ካልተፈራረቀ የትኛውም ዘር ብቻውን አያድንዎትም።

የግብርና ኮሌጅ ተማሪ፦ «የዱር ዘመዶቹ በሽታውን ከተቋቋሙ ለምን በቀጥታ አይዳቀሉም?»

ሲዳቀሉ ልጃቸው እንደ በቅሎ መካን ይሆናላ! የምንበላው ኦቾሎኒ 40 ክሮሞዞም (የዘር መረጃ የሚይዙ ክሮች) አለው፤ አብዛኞቹ የዱር ዘመዶቹ ያላቸው 20 ብቻ ነው። የሚወለደው 30 ይዞ ዘር ሳይሰጥ ይቀራል። ኦቾሎኒ ራሱ የተገኘው በሺህ ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት በደቡብ አሜሪካ ሁለት የዱር ዝርያዎች በአጋጣሚ ተዳቅለው ክሮሞዞማቸው እጥፍ በመሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ከዘመዶቹ ተነጥሎ ስለኖረ፣ በዓለም ያለው ኦቾሎኒ ሁሉ የቅርብ ወንድማማች ነው። አንዱን የጣለ በሽታ ሌላውንም የሚጥለው ለዚህ ነው።

ተመራማሪዎች መላ አላጡም። ኮልቺሲን በተባለ ከዕፅዋት በሚገኝ ንጥረ ነገር 30ውን ክሮሞዞም ወደ 60 ያሳድጉታል፤ መካኑ ዘር ይሰጣል። ከዚያ ትውልድ በትውልድ እየመረጡ ወደ 40 ይመልሱታል። በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ተመራማሪዎች አራኪስ ካርዴናሲ የተባለውን የቦሊቪያ የዱር ዝርያ በዚህ መንገድ ከኦቾሎኒ ጋር አዋሕደዋል። ከእሱ የመጣው የቅጠል በሽታን የመቋቋም ጠባይ ዛሬ በብዙ አገሮች ማሳ ላይ አለ። የዱር ዝርያዎችን አስቀድሞ እርስ በርስ አዳቅሎ ከ20 ወደ 40 ማሳደግም ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ቴክሳስ ያወጣችው ኮአን የተባለው ሥር አባጭ ትልን የሚቋቋም ዝርያ የመጣው በዚህ በኩል ነው።

ለጅማ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬን የሚያጠቁረው በሽታ ሲገባ መድኃኒቱ የተፈለገው እዚሁ ጫካችንና ጓሯችን ነበር፤ 74110 እና 74112 የተባሉት የቡና ዝርያዎች ከመቱ አካባቢ ከተገኙ የቡና ዛፎች የተመረጡ ናቸው። ልዩነቱ፣ የኦቾሎኒ ዱር ውቅያኖስ ማዶ መሆኑ ነው። አገሮች ዘር ካልተለዋወጡ እኛ ባዶ እጃችንን ነን፤ የዘር ልውውጥን የሚያጠብ ሕግ ሲወጣ የምሰጋውም ለዚህ ነው።

አንዲት እናት፦ «ታዲያ ይህ ጂኑ የተቀየረ አይደለም? ለልጆቼ ልስጣቸው?»

አይደለም፣ እህቴ። ተመራማሪዎቹ ማታ ማታ ያልፈነዳውን ቢጫ አበባ ከፍተው ወንዴውን በወረንጦ ይለቅማሉ፤ በማግሥቱ ጠዋት የሌላውን ብናኝ ይቀቡታል። አድካሚ የእጅ ሥራ ነው እንጂ ጂን ቆርጦ መቀጠል የለበትም። ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ግን ከዚህኛውም ይራቅ።

በጅማ መርካቶ ነጋዴ፦ «ሻጋታውንስ ይከላከላል?»

አይከላከልም። አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመጣው ሻጋታ ሌላ ነው፤ ሰብሉ ሊደርስ ሲል ዝናብ ሲጠፋና ፍሬው ሳይደርቅ ሲከማች ይበረታል። እርጥብ ፍሬ በላስቲክ ከረጢት አይቋጥሩ፤ ከመሬት ከፍ አድርገው ያድርቁ። የሻገተውን ቆልቼ እሸጠዋለሁ ብለው አያስቡ፣ መቁላት መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ለላምም አይስጡ፤ ወተቷ ውስጥ ይገባል።