ካናቴራው ላይ የነበረችው ቢጫ ነጥብ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ፈቅዶልኛል።

አንድ ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ ነው ነገሩ የጀመረው። ነጭ ካናቴራው ላይ፣ ልክ እምብርቱ የሚያርፍበት ቦታ፣ ቢጫ ነገር ደርቆ አገኘሁ። ሳንቲም ታክላለች። "ምንድን ነው?" ስለው "ምንም" ብሎ ከእጄ ነጠቀኝ። ያኔ 21 ዓመቱ ነበር። ለካ ሳምንት ሙሉ ሶፍት አጣጥፎ እምብርቱ ላይ እያደረገ ነበር ከቤት የሚወጣው። ቆሻሻ እንዳይባል ፈርቶ።

ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። ከእምብርቱ በታች ቀላ፣ ጠጠረ። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ "ትርፍ አንጀት ሳይሆን አይቀርም" አሉን። ሕመሙ ግን ወደ ቀኝ አላደላም፣ መሃል ላይ ነበር። ሌላ ቦታ አልትራሳውንድ ሲነሳ መግል የቋጠረ ከረጢት ታየ። የዩራከስ ሲስት።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ ስሎ አስረዳን። ጽንስ ሳለን የሽንት ፊኛችንን ከእምብርታችን ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ዩራከስ እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከመወለዳችን በፊት ይደፈንና እንደ ጅማት ሆኖ ይቀራል። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ሁለቱ ጫፎች ተዘግተው መሃሉ ክፍት ይቀራል፣ እዚያ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ባክቴሪያ እስኪገባበት ድረስ ዓመታት ዝም ሊል ይችላል።

እማዬ ማመን አቃታት። "እትብቱን እኮ እኔ ራሴ ነኝ ያስቀበርኩት፤ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ምን ቀረው?" ትላለች።

መግሉ ተቀዳ፣ አንቲባዮቲክ ተሰጠው፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ሰው መሰለ። ፈተናው የመጣው እዚህ ጋ ነው። ሐኪሙ ኢንፌክሽኑ ከጠፋ በኋላ ከረጢቱ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት አለ። ወንድሜ "ድኛለሁ፣ ለምን እቀደዳለሁ?" ብሎ አሻፈረኝ አለ። ተጣላን። መግሉ እንጂ ከረጢቱ አልወጣም እኮ! ተመልሶ ሊሞላ ይችላል። ወደ ሆድ ዕቃ ውስጥ ቢፈነዳ መግሉ ተሰራጭቶ ሕይወት ያሰጋል። ወደ ፊኛ ወይም ወደ አንጀት ቀዳዳ ሊያበጅም ይችላል። በጣም አልፎ አልፎ ደግሞ፣ በአዋቂዎች ላይ፣ ከዚሁ ቅሪት ካንሰር ይነሳል። ይሄን ስሰማ እግሬ ነው የከዳኝ።

ሕፃናት ላይ ሁኔታው ይለያል። ከ6 ወር በታች ከሆኑና ኢንፌክሽን ከሌለ ራሱ ሊጠፋ ስለሚችል ሐኪሞች እየተከታተሉ ይጠብቃሉ። ግን እትብቱ ከወደቀ በኋላም እምብርቱ እየረጠበ ካስቸገራችሁ አሳዩት፤ ሽንት ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ እማዬ አልቅሳ ለመነችው፣ እሺ አለ። ከረጢቱን ከፊኛው ጫፍ ትንሽ ጨምረው አወጡት። ሽንቱ እንዲወጣ ያስገቡለት የላስቲክ ቱቦ ለቀናት አብሮት ቆየ፣ እሱን በጣም ጠላው።

ባለፈው ወር የሰፈራችን አንድ ልጅ እምብርቱ እንደሚያዥ በሹክሹክታ ነገረው። ያ ሶፍት ሲደብቅ የነበረው ወንድሜ ሸሚዙን ገልቦ ጠባሳውን አሳየው። በማግስቱ ሐኪም ቤት ይዞት ሄደ። የልጁ ሌላ፣ ቀለል ያለ ነገር ሆኖ ተገኘ።